ዳንግላና ዳንጊላ በአንድ አሬይ

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ይከበራል። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን አባላቱ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ፣ በአዊ ዞን ወረዳዎችና ቀበሌዎች የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው። የእንዲህ ያለውን ማኅበር የአባላት መዝገብ በፒኤችፒ ለመሥራት አንድ ወጣት ባለሙያ ኮምፒውተሩን ከፈተ እንበል። ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ከእጁ የማይለየው መሣሪያ አሬይ ነው።

ፒኤችፒ በሰርቨር ላይ የሚሠራ የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ግሪንላንድ የተወለደው ራስመስ ሌርዶርፍ እ.ኤ.አ. በ1994 ለራሱ ድረ ገጽ ብሎ ጀመረው፤ በ1995 ለሌሎች ለቀቀው። የድረ ገጽ መሥሪያው ዎርድፕሬስ ዛሬም የሚሠራው በእሱ ነው። ዳንግላ ያለ ሰው በስልኩ የአባላት ዝርዝር ሲከፍት ማጣራቱም መደርደሩም የሚያልቀው ሰርቨሩ ላይ ነው፤ ስልኩ የሚቀበለው ያለቀውን ገጽ ነው።

በብዙ ቋንቋዎች ተራ ዝርዝር ሌላ፣ በቁልፍ የሚፈለግ መዝገብ ሌላ ነው። ፒኤችፒ ሁለቱንም አሬይ ብሎ በአንድ ላይ ይይዛቸዋል፤ የገቡበትንም ቅደም ተከተል ይጠብቃል። የአንድ አባል መዝገብ አራት ቁልፍ ያለው አሬይ ይሆናል፦ ቁጥር «0045»፣ ስም «ዓለምነህ»፣ ወረዳ «ዳንግላ»፣ የፈረስ መልክ «ዳማ»። እንዲህ ያሉ ሺህ መዝገቦች በአንድ ትልቅ አሬይ ውስጥ ሲገቡ የመዝገቦች አሬይ ተገኘ ማለት ነው። ፎርኢች እያንዳንዱን በተራ ያነሣል፤ አሬይ ኮለም የሁሉንም ስም ብቻ ለይቶ ያወጣል፤ አሬይ ፊልተር ፈረሳቸው ዳማ የሆኑትን ብቻ ያስቀራል።

አሬይ ፊልተር ግን የቀሩትን መዝገቦች ከነቀድሞ ቁልፋቸው ነው የሚመልሰው። 0፣ 1፣ 2 እያለ ይሄድ የነበረው ቁልፍ 0፣ 3፣ 7 ሆኖ ይቀራል። ውጤቱ በገጽ ፈንታ ጄሰን ወደተባለው የመረጃ መላኪያ ቅርጽ ተቀይሮ ወደ ስልክ መተግበሪያ ሲላክ ዝርዝር መሆኑ ቀርቶ ቁልፍ ያለው ነገር ይሆናል፤ ዝርዝር የሚጠብቀው መተግበሪያም ይሰናከላል። መፍትሔው ቁልፎቹን ከዜሮ የሚያስጀምረውን አሬይ ቫልዩስን መጥራት ብቻ ነው። ብዙ ጀማሪ ግን ቀኑን ሙሉ ስሕተቱን ስልኩ ላይ ሲፈልግ ይውላል።

የአባል ቁጥርም በጽሑፍ መልክ፣ ከነዜሮዎቹ መቀመጥ አለበት። ቁልፍ ሲሆን «45» በራሱ ወደ አሃዝ ይለወጣል፤ «0045» ግን በዜሮዎቹ ምክንያት ጽሑፍ ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ አንዱ ጸሐፊ «45»፣ ሌላው «0045» ቢያስገባ ያው አንድ ሰው ሁለት አባል ይሆናል። ስምን ቁልፍ ማድረግ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ሁለት ዓለምነህ ካሉ ኋላ የገባው የፊተኛውን ይተካል፤ ፒኤችፒም ምንም ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። አንድ ፈረሰኛ ከመዝገቡ ጠፋ፣ ያየም የለም።

በአማርኛ መዝገብ የሚሠራን ሰው ከሁሉ በላይ የሚፈትነው ግን አጻጻፍ ነው። አባላትን በወረዳ እየለየን እንቁጠር ብንል ፎርኢች እያንዳንዱን መዝገብ በወረዳው ስም ሥር ይጨምራል። ሠንጠረዡ ሲወጣ ዳንግላ አንድ መስመር፣ ዳንጊላ ሌላ መስመር ይዞ እናገኘዋለን። የከተማ ስም ሲጠቀስም እንጅባራና እንጂባራ ይለያያሉ። ለእኛ አንድ አገር ነው፤ ለማሽኑ ግን «ግ» እና «ጊ»፣ «ጅ» እና «ጂ» የተለያዩ ፊደላት ናቸው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የፊደላት መለያ ሥርዓት ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ሆሄ የየራሱን ቁጥር አግኝቷል፤ ድምፅ መጋራታቸውን ቁጥሩ አያውቅም። ስሞችን በፊደል ተራ ስንደረድር «አለምነህ» በአ፣ «ዓለምነህ» በዐ ሥር ይገባሉ፤ በመካከላቸው ከበደና ወርቁ ይሰለፋሉ። ስም ፈላጊው አንዱን አይቶ ሌላውን ሳያይ ዝርዝሩን ይዘጋል።

ርዝመትም ያስታል። ዩኒኮድ በሚቀመጥበት በዩቲኤፍ 8 አንድ የግዕዝ ሆሄ ሦስት ባይት ይይዛል። ስለዚህ ባይት የሚቆጥረው ስትርሌን «ዳንግላ»ን 12 ብሎ ይቆጥራል፤ ትክክለኛውን 4 የሚሰጠው ኤምቢ ስትርሌን ነው። ረጅም ስም በባይት ከተቆረጠ ሆሄው መሐል ላይ ይሰበርና በቦታው የጥያቄ ምልክት ይታያል። የሰው ስም እንዲህ ተሰብሮ መታየት የለበትም።

የሚበጀው የወረዳዎችን ስም ከአባላቱ መዝገብ አውጥቶ ለብቻው በሌላ አሬይ ማስቀመጥ ነው፤ እያንዳንዱ ወረዳ አጭር መለያ፣ አንድ የታወቀ አጻጻፍና ሰዎች የሚጽፉባቸው ሌሎች አጻጻፎች ይኖሩታል። መዝጋቢው ዳንጊላ ብሎ ቢያስገባም የሚቀመጠው መለያው ይሆናል። ለሰው ስም ግን ይህ አይሠራም፤ ዓለምነህ ስሙን በዐ ከጻፈ በዐ ይቀመጥለት። ለፍለጋና ለድርደራ ብቻ ሐና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐንና ዓን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የሚመልስ ሁለተኛ ቅጂ በመዝገቡ ውስጥ በሌላ ቁልፍ ይያዝለታል። መደርደሪያው ዩሶርት ሲደረድር የሚያየው ያንን ቅጂ ነው፤ በአባልነት መታወቂያው ላይ የሚታተመው ደግሞ ባለቤቱ የጻፈው ነው።