የቤት ስልክ ዋጋው ስንት ነው? እኛና ኬንያ

«ሁላችንም ሞባይል አለን፤ መደበኛ ስልኩ ለምን አይቆረጥም?» የሚል ጥያቄ በብዙ ቤት ይነሳል። ብዙ ጊዜ ጥያቄውን የሚያነሱት ልጆች ናቸው፤ ስልኩን የሚጠቀሙበት ግን እናትና አባት፣ አያቶችም ናቸው። በነርስነት ስሠራ የቆየሁ ጡረተኛ ስለሆንኩ ጉዳዩን የማየው ከወጪም ከጤናም አንጻር ነው። ለማነጻጸሪያም ጎረቤታችንን ኬንያን እወስዳለሁ።

የሁለት አገር የስልክ ዋጋ በምንዛሪ ብቻ አይለካም። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የቤት ስልክን ዋጋ ሲያሰላ የወር ኪራዩንና እያንዳንዳቸው 3 ደቂቃ የሚፈጁ 30 የአገር ውስጥ የአካባቢ ጥሪዎችን ደምሮ፣ ድምሩ ከአንድ ሰው አማካይ ገቢ ስንት እጅ እንደሚወስድ ያይ ነበር። ለቤተሰብም የሚበጀው ስሌት ይኸው ነው።

በ1998 ዓ.ም. ገደማ በአገራችን የመኖሪያ ቤት ስልክ የወር ኪራይ 8 ብር ነበር። የከተማ ውስጥ ጥሪ ለ6 ደቂቃ 20 ሳንቲም ይከፈልበት ስለነበር፣ 30 ጥሪ 6 ብር ይሆናል። ታክሱን ሳንጨምር በድምሩ 14 ብር፣ በጊዜው ምንዛሪ ከሁለት ዶላር በታች ማለት ነው። በኬንያ ግን በመቶዎች የሚቆጠር ሽልንግ የሚጠየቅበት የወር ኪራይ ብቻውን ከእኛ ኪራይና ጥሪ ድምር በእጥፍ ይበልጥ ነበር።

ታዲያ እኛ ተጠቃሚ ነበርን? በሒሳቡ አዎ። ይሁንና ርካሽ የነበረው መስመሩ ለደረሰው ሰው ነው። ብዙዎች ተመዝግበው ለዓመታት ወረፋ ጠብቀዋል። ስልክ የገባበት ቤት የሰፈሩ ሁሉ ስልክ ነበር፤ ከዓረብ አገር የሚደወለውም እዚያው ይመጣል፣ ተጠሪውም ከቤቱ ይጠራል። ምጥ የጠናባት ሴት ቤተሰብ በእኩለ ሌሊት የጎረቤት በር ሲያንኳኳ የሚያልፈው ደቂቃ በየትኛውም ሒሳብ ውስጥ አልገባም። እኛ የጤና ባለሙያዎች ግን ዋጋውን እናውቀዋለን።

ኬንያውያን በውዱ የቤት ስልክ ላይ ሌላ ጣጣም ነበረባቸው፤ የመዳብ ሽቦው እየተሰረቀ መስመሩ ይቋረጥ ነበር። ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በ2000 ሥራ ሲጀምር፣ በ2007 ደግሞ ኤም-ፔሳ ሲመጣ ሕዝቡ ወደ ሞባይል ጎረፈ። የወር ኪራይ የለውም፤ እንደ አቅም ካርድ መሙላት ይቻላል። ዛሬ እዚያ የቤት ስልክ ያለው መኖሪያ ብርቅ ነው። እኛም ወደዚያው እየሄድን ነው። ነገር ግን ኪራይ የለውም ማለት ወጪ የለውም ማለት አይደለም። በትንሽ በትንሹ የሚሞላ ካርድ ስለማይደመር እንጂ፣ የአንድ ወሩ ተጽፎ ቢታይ ብዙ ቤተሰብ ይደነግጣል።

ስለዚህ ስልኩን ከማስቆረጣችሁ በፊት ሦስት ነገር አድርጉ። መጀመሪያ የቤተሰቡን የአንድ ወር የሞባይል ካርድ ወጪ ጻፉና ከቤት ስልኩ ሒሳብ ጋር አስተያዩ። ቀጥሎ መብራት ሲጠፋ የቤት ስልኩን አንስታችሁ ድምፅ እንዳለው ስሙ። በመዳብ ሽቦ የሚሠራ ስልክ ኃይሉን ከስልክ ጣቢያው ስለሚያገኝ መብራት ቢጠፋም ይሠራል፤ በፋይበርና በሞደም የሚሠራው ግን ባትሪ ከሌለው አብሮ ይጠፋል። በመጨረሻም አያትን ጠይቁ፦ ዓይናቸው ደክሞ፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ የሞባይሉ ባትሪ ባለቀበት ሌሊት ለማን፣ በምን ይደውላሉ?

መልሱ «በቤት ስልኩ» ከሆነ አይቆረጥ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907ን በትልቁ ጽፋችሁ ከአጠገቡ ለጥፉ። መልሱ «በሞባይል» ከሆነ ደግሞ ትልልቅ ቁልፍ ያለው ስልክ ግዙላቸውና ማታ ማታ ቻርጅ የሚያደርግላቸው ሰው መድቡ።