ሁለት ጎማ ነጂውን ፒክአፕ ፎር ዊል ማድረግ፦ ይቻላል? ያዋጣልስ?

ክረምት በገባ ቁጥር ጋራዥ ውስጥ ከሚነሱ ጥያቄዎች አንዱ «ይቺን ፒክአፕ ፎር ዊል ታደርጉልኛላችሁ?» የሚለው ነው። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ እህል ወይም ቡና ከገጠር ወደ ከተማ የሚያመላልስ ሰው ነው። መኪናው ጭቃ ላይ ሲቆም ገቢውም አብሮ ይቆማል። አንዳንድ መካኒክ ታዲያ «ምን ችግር አለው፣ ፊት ላይ ዲፈረንሻል መግጠም ነው» ብሎ ይመልሳል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። የሚቀየረው ዲፈረንሻል ብቻ ሳይሆን የመኪናው የፊት አጽም ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንን ማስረዳትና ደንበኛ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ምን መጠየቅ እንዳለበት ማሳየት ነው።

ፎር ዊል ምን ይጨምራል?

ጎማ መሬትን የሚይዘው በላዩ ባረፈው ክብደት ልክ ነው። ለምሳሌ ባዶ ፒክአፕ 1,400 ኪሎ ይመዝናል እንበል። ሞተሩ ፊት ስላለ 60 በመቶው ፊት ላይ ቢያርፍ፣ ለኋላ ጎማዎች የሚቀረው 560 ኪሎ ብቻ ነው። ሁለት ጎማ ነጂ መኪና የሚገፋው በዚህ 560 ኪሎ ሲሆን፣ ፎር ዊሉ ግን በሙሉው 1,400 ኪሎ ይሠራል። ባዶ ፒክአፕ ጭቃ ላይ ቶሎ የሚሸነፈው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጥቅም ከካምቢዮው ኋላ ከሚገጠመው ትራንስፈር ኬዝ ይገኛል። ይህ ክፍል ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ከማካፈሉም በላይ «ሎው» የሚባል ከባድ ማርሽ አለው። በቀድሞዎቹ ሃይሉክሶች ይህ ማርሽ 2.28 ለ 1 ነው። አንደኛ ማርሽ 4 ለ 1፣ ዲፈረንሻሉ ደግሞ 4.10 ቢሆን፣ ያለ ሎው ሞተሩ 16.4 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል። ሎው ሲገባ 37.4 ይሆናል። መኪናው እንደ ኤሊ ይሄዳል፣ ጉልበቱ ግን ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል።

ድሮ ለምን ቀለለ?

ይህ ሥራ አዲስ ግኝት አይደለም። ማርሞን ሄሪንግተን የተባለው የኢንዲያናፖሊስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የፎርድ የጭነት መኪናዎችን ፎር ዊል እያደረገ ይሸጥ ነበር። በ1950ዎቹ ደግሞ ናፕኮ የተባለው የሚኒያፖሊስ ድርጅት ለሼቭሮሌና ለጂኤምሲ ፒክአፖች ሙሉ መቀየሪያ ዕቃ አዘጋጅቶ አቀረበ። ሼቭሮሌም ከ1957 ጀምሮ ይህንኑ በፋብሪካው ይገጥም ጀመር።

ለምን ቀለላቸው? የዚያን ጊዜ ፒክአፕ ሁለት ጎማ ነጂም ቢሆን ከፊት ያለው ድፍን አክስል ነበር፤ የሚቀመጠውም ባሌስትራ ላይ ነው። ስለዚህ የማይነዳውን አክስል አውርዶ የሚነዳውን መተካት በቂ ነበር። ሻንሲው አይነካም ማለት ይቻላል። በኋላ ግን ፋብሪካዎች ፒክአፕ እንደ ቤት መኪና እንዲለሰልስ ብለው፣ የፊት ጎማዎቹ ለየብቻቸው የሚወዛወዙበትን አሠራር አመጡ። ምቾቱ ጨመረ፣ መቀየሩ ግን ከበደ።

ወደ ሃይሉክስ እንምጣ

ቶዮታ ሃይሉክስን በፎር ዊል ማቅረብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ለምሳሌ እንዲሆነን ከ1988 እስከ 1997 የተሠራውን አምስተኛውን ትውልድ እንውሰድ። ሁለት ጎማ ነጂው የፊት ክብደቱን የሚሸከመው ቶርሽን ባር በሚባል፣ በሻንሲው ጎን ተዘርግቶ በሚጠማዘዝ የብረት ዘንግ ነው። ለአፍሪካ ገበያ ይቀርብ የነበረው ፎር ዊሉ ኤልኤን 106 ግን ከፊት ድፍን አክስልና ባሌስትራ አለው። ስማቸው አንድ ነው፣ ቦዲያቸውም ይመሳሰላል፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው።

አንዱን ወደ ሌላው ለመለወጥ የሚያስፈልገው ቢዘረዘር እንዲህ ነው። የቶርሽን ባሩና የክንዶቹ መያዣ ተቆርጦ ይወጣል፤ በምትኩ የባሌስትራ መያዣ ይበየዳል። ሁለት ጎማ ነጂው ካምቢዮ ጭራው ትራንስፈር ኬዝ ስለማይቀበል፣ ካምቢዮው ራሱ ይለወጣል። ካምቢዮው ሲረዝም የኋላው ፕሮፔለር ሻፍት ያጥራል፤ ለፊት ደግሞ አዲስ ሻፍት ይጨመራል። የፊቱ ዲፈረንሻል ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ስለሆነ ትራንስፈር ኬዙ በዚያው ጎን የሚያወጣ መሆን አለበት። ከሞተሩ በታች ያለው የዘይት ኮፓም ከአክስሉ ጋር እንዳይጋጭ ቅርጹ ሊለወጥ ይችላል። ቸርኬውም ቢሆን ሁለት ጎማ ነጂው በብዛት ባለ 5 ቡሎን፣ ፎር ዊሉ ባለ 6 ነው። ፊቱን ብቻ የቀየረ ሰው አንድ መለዋወጫ ጎማ ለሁሉም አይበቃውም።

ጥርስ ካልተስማማ

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የዲፈረንሻል ጥርስ ቁጥር ነው። የፊቱና የኋላው እኩል መሆን አለበት። ኋላ 4.10፣ ፊት 4.30 ቢገጠምና ፎር ዊል ቢገባ፣ የኋላው ጎማ 1,000 ሜትር የሚያስኬድ ዙር ሲዞር የፊቱ 953 ሜትር ገደማ ብቻ የሚያስኬድ ዙር ይዞራል። መኪናው ግን አንድ ነው፤ ፊቱና ኋላው የተለያየ መንገድ ሊሄዱ አይችሉም። ልዩነቱን ጎማው ተንሸራትቶ ካላካካሰው ሻፍቱ፣ መስቀለኛው ወይም ትራንስፈር ኬዙ ይከፍላል። ጭቃ ላይ ጎማው ስለሚንሸራተት ላይታወቅ ይችላል፤ አስፋልት ላይ ግን ይሰብራል። የጎማ መጠን ሲለያይም ውጤቱ ያው ነው። በነገራችን ላይ፣ ማዕከላዊ ዲፈረንሻል የሌለው ፎር ዊል ጥርሱ እኩል ቢሆንም እንኳ ደረቅ አስፋልት ላይ መግባት የለበትም፤ ኩርባ ላይ የፊትና የኋላ ጎማዎች የሚሄዱት ርቀት ስለሚለያይ ነው።

ሰው የሚሳፈርበት መሆኑን አንርሳ

ከሁሉ የሚያሳስበው መሪና ፍሬን ነው። ድፍን አክስል የራሱ የመሪ ዘንግና ክንድ ይፈልጋል። የድሮውን መሪ አጣምሞና በይዶ «ማስማማት» ቁልቁለት ላይ መሪ እንዲበጠስ መፍቀድ ነው። የፍሬን ቱቦውም አክስሉ ወደ ታች ሲወርድ የማይወጠር ርዝመት ይኑረው። መኪናው ከፍ ሲል ደግሞ የመገልበጥ አደጋው ይጨምራል። ፎር ዊል ለመግፋት እንጂ ለማቆም አያግዝም።

ታዲያ ምን ይሻላል?

አንደኛው አማራጭ ከላይ የተዘረዘረውን ሁሉ አሟልቶ መሥራት ነው። ሁለተኛው ቦዲውን አንስቶ ከተጋጨ ፎር ዊል በተገኘ ጤነኛ ሻንሲ ላይ ማስቀመጥ ነው። ፋብሪካው የበየደውን መያዣ፣ መሪና ፍሬን እንዳለ ስለሚያገኝ በምህንድስና ዓይን ይሄኛው የተሻለ ነው። ነገር ግን ሊብሬው ላይ የሻንሲና የሞተር ቁጥር ስላለ፣ ከሚመለከተው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ፈቃድ ሳያገኙ መጀመር አይገባም። ሥራው ካለቀ በኋላ «ቦሎ ከለከሉኝ» ማለት ዋጋ የለውም።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ተራ ዲፈረንሻል ለሁለቱ ጎማዎች እኩል ጉልበት ስለሚሰጥ፣ አንዱ በባዶ ሲሽከረከር ሌላው መሬት ላይ ያለውም ይሰንፋል። ተራ ዲፈረንሻል ያለው ፎር ዊልም ቢሆን አንድ የፊትና አንድ የኋላ ጎማ እያሽከረከረ ሊቆም ይችላል። ኋላ ላይ ሎክ ያለው ዲፈረንሻል፣ ጥርሱ ጥልቅ የሆነ የጭቃ ጎማና ሰንሰለት ቢጨመር፣ ሻንሲ ሳይቆረጥ ብዙ ችግር ይቃለላል። መኪናው ባዶ ሲሆን ከኋላ አክስል በላይ 200 ኪሎ አሸዋ ቢጫን፣ ቀድሞ ያልነው 560 ኪሎ 760 ይሆናል። ለዚህ ብየዳም ፈቃድም አያስፈልግም።

እንግዲህ መቀየር ይቻላል። ግን ዓመቱን ሙሉ ጭቃና ዳገት ለሚሠራ፣ ሙሉ ዕቃውን ከአንድ መኪና ለሚያገኝ ሰው ነው የሚያዋጣው። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ለሚቸገር ሰው ግን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይሆንበታል። የእኛ የባለሙያዎች ድርሻ ደግሞ ደንበኛው የጠየቀንን ብቻ መሥራት አይደለም፤ «መኪናው የሚቆምብህ የት ነው? ስንት ኪሎ ጭነህ? በዓመት ስንት ቀን?» ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱን ሰምተን ገንዘቡን ካዳንለት ያ ሰው ነገም ወደ እኛ ይመለሳል።