የመኪና ኤሲ ጋዝ በየት ያመልጣል?

ሙቀት በመጣ ቁጥር ጋራዥ ገብቶ «ኤሲውን ጋዝ ሙሉልኝ» የሚል ባለመኪና ብዙ ነው። የኤሲ ጋዝ ግን እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም። በዝግ መስመር ውስጥ እየዞረ፣ አንዴ ፈሳሽ አንዴ ጋዝ እየሆነ፣ የመኪናውን የውስጥ ሙቀት ተሸክሞ ውጭ ይጥላል። ካነሰ ያመለጠበት ቦታ አለ። ያንን ሳይፈልጉ በየዓመቱ መሙላት ገንዘብ ሜዳ ላይ መበተን ነው። መጀመሪያ ከሚጠረጠሩት አንዱ ደግሞ የጎማ ቱቦው ነው።

ጋዙን የሚያምቀው ኮምፕሬሰር ሞተሩ ላይ ታስሮ አብሮት ይንቀጠቀጣል። ከራዲያተሩ ፊት ያለው ኮንደንሰርና ዳሽቦርዱ ውስጥ የተደበቀው ኢቫፖሬተር ግን ከመኪናው አካል ጋር ስለታሰሩ እንደ ሞተሩ አይወዛወዙም። መሀላቸው ብረት ብቻ ቢዘረጋ ንዝረቱ ይሰነጥቀው ነበር። ስለዚህ ቱቦው ጫፍና ጫፉ አሉሚኒየም፣ መሀሉ ጎማ ሆነ። ጎማውም ተራ አይደለም፤ ከውስጥ ጋዝ እንዳያሳልፍ ስስ ናይሎን፣ መሀል ላይ ግፊት የሚችል የተጎነጎነ ክር አለው። ወፍራሙ ቱቦ ቀዝቃዛውን ጋዝ ወደ ኮምፕሬሰሩ ይመልሳል፤ ቀጭኑ የታመቀውንና የጋለውን ወደ ኮንደንሰሩ ያደርሳል። በሞቃት ቀን የቀጭኑ ግፊት ከመኪና ጎማ ግፊት ከአምስት እጥፍ ሊበልጥ ይችላል።

ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው ጎማው ከአሉሚኒየሙ ጋር በቀለበት የተጨመቀበት ቦታ ነው። ጋዙ ለዓይን አይታይም፤ ነገር ግን የኮምፕሬሰሩን ዘይት ይዞ ስለሚዞር ሲያመልጥ ዘይቱን እዚያው ጥሎ ይሄዳል። ሞተሩን አጥፍተው፣ ኮፈኑን ከፍተው ቀለበቶቹን በእጅ ባትሪ ይመልከቱ። አቧራ የለጠፈ ጥቁር ቅባት ካለ የሳሙና ውሃ ይቀቡበት፤ መስመሩ ውስጥ ጋዝ ከቀረ አረፋ ይሠራል። አዲስ አበባ ላይ ኤሲ ለወራት ሳይነካ ይከርማል፤ ዘይቱም ስለማይዞር ማሸጊያዎቹ ይደርቃሉ። ጉዳቱ የሚታወቀው ወደ አዋሽ ወይም ወደ ድሬዳዋ ሲወረድ ነው። በብርዱም ወቅት አልፎ አልፎ ለጥቂት ደቂቃ ማስነሳት ይጠቅማል።

ቱቦውን ቤት መቀየር ይቻላል፤ ጋዙን ግን ቤት መልቀቅ አይገባም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በተሠሩት አብዛኞቹ መኪናዎች ያለው አር 134 ኤ ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ ስለሚፈላ ቆዳና ዓይን ላይ ቢረጭ ያቆስላል። አየር ላይ ሲለቀቅም ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,000 ጊዜ በላይ ይከፋል። እኔ የምመክረው ጋዙን መሳቢያ ማሽን ባለው ጋራዥ አስወስዶ፣ ቱቦውን ቤት ቀይሮ፣ ለመሙላት መመለስ ነው። እስከዚያ ኤሲው አይከፈትም።

መፍታቱ ቀላል ነው። አሉሚኒየሙ እንዳይጠመዘዝ አንዱን ጫፍ በአንድ ቁልፍ ይዞ ሌላውን በሌላ ቁልፍ መፍታት፤ የተከፈተውን አፍ ወዲያው በንጹሕ ላስቲክ መሸፈን። የመገጣጠሚያዎቹ ክብ የጎማ ማሸጊያዎች (ኦሪንጎች) አዲስ ይሁኑ፤ ለኮምፕሬሰሩ የሚስማማ ዘይትም ይቀቡ። እርጥበት የሚመጠው ድራየርም አብሮ ቢቀየር ይሻላል፤ የገባ እርጥበት መስመሩ ውስጥ ባለው ጠባብ ቫልቭ ላይ በረዶ ይሆናል፣ ከዘይቱ ጋር ሆኖም ብረቱን ይበላል።

ጋዝ ከመሞላቱ በፊት መስመሩ በቫኪዩም ፓምፕ ይመጠጣል። ባሕር ጠለል ላይ የጌጁ መርፌ ወደ 30 ኢንች ሜርኩሪ ይጠጋል። ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ ግን የአየሩ ግፊት ራሱ በሩብ ገደማ ስለሚያንስ 22 ወይም 23 ላይ ቢቆም ፓምፑ ደክሞ አይደለም። ዋናው ፓምፑ ተዘግቶ ለግማሽ ሰዓት መርፌው ከቦታው አለመነሳቱ ነው። ከተነሳ የሚያስገባ ቦታ ቀርቷል ማለት ነው፤ ጋዝ አያስሞሉ። ካልተነሳ ኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ በግራም የተጻፈውን ያህል በሚዛን ይሞላል።

የኤሌክትሪክ መኪና ነገር ግን ሌላ ነው። ኮምፕሬሰሩ በከፍተኛ ቮልቴጅ ይሠራል፤ ዘይቱም የተለየ ነው፤ የተሳሳተ ዘይት ከገባ የኤሌክትሪክ መከላከያውን ያበላሻል። ብርቱካናማ ገመድ ከተያያዘበት ኮምፕሬሰር የሚነሳ ቱቦ ለሠለጠነ ባለሙያ ይተው።