ጥንድ ፊልም

ጥንድ ፊልም፣ በእንግሊዝኛ አጠራሩ ደብል ፊቸር፣ ሁለት ሙሉ ፊልሞችን በአንድ ዝግጅት ተራ በተራ የማሳየት ልማድ ነው። በሲኒማ ቤቶች ሁለቱ ፊልሞች በአንድ ትኬት የሚታዩ ሲሆን፣ በይዘት መዛመዳቸው ግዴታ አልነበረም። በመኖሪያ ቤት በሚዘጋጀው ጥንድ ፊልም ግን ተመልካቹ ራሱ መራጭ ስለሆነ፣ ፊልሞቹ ብዙ ጊዜ የሚጣመሩት በጭብጥ ነው።

ታሪክ

በአሜሪካ ጥንድ ፊልም የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ፣ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ወቅት ነው። ሲኒማ ቤቶች ተመልካች ለመሳብ በአንድ ትኬት ሁለት ፊልም ያሳዩ ነበር። አንደኛው በታወቁ ተዋንያንና በከፍተኛ ወጪ የተሠራ ነው፤ «ቢ ፊልም» የሚባለው ሌላው ደግሞ አጠር ያለና በአነስተኛ ወጪ የተሠራ ነው። በመሃል ዜናና የካርቱን ፊልም ይታይ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1948 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፓራማውንት ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ ስቱዲዮዎች ፊልሞቻቸውን በጥቅል ለሲኒማ ቤቶች የማከራየት አሠራራቸው ተከለከለ። ከዚህ ውሳኔና ከቴሌቪዥን መስፋፋት በኋላ ልማዱ እየቀነሰ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2007 ኩዌንቲን ታራንቲኖና ሮበርት ሮድሪጌዝ «ግራይንድሃውስ» በሚል ስም ሁለት ፊልሞችን በአንድነት ያወጡት ይህን የቀድሞ ልማድ ለማስታወስ ነው።

የማጣመር ዓይነቶች

* አንድ ክስተት ከሁለት ወገን፦ ክሊንት ኢስትዉድ እ.ኤ.አ. በ2006 ስለ 1945ቱ የኢዎ ጂማ ውጊያ ሁለት ፊልሞች አውጥቷል። «ፍላግስ ኦቭ አዋር ፋዘርስ» የአሜሪካውያኑን፣ «ሌተርስ ፍሮም ኢዎ ጂማ» የጃፓናውያኑን ወገን ያሳያል። በአንዱ ፊልም ከሩቅ የሚተኩሰው ጠላት በሌላው ደብዳቤ የሚጽፍ አባት ይሆናል።
* አንድ ታሪክ በሁለት አገር፦ የአኪራ ኩሮሳዋ «ሰባቱ ሳሙራዮች» (1954) በአሜሪካ «ዘ ማግኒፊሰንት ሰቨን» (1960) ተብሎ በካውቦይ ፊልም መልክ ተሠርቷል።
* አንድ ጥያቄ በሁለት ማኅበረሰብ፦ የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» (2014) በኢትዮጵያ ስለ ጠለፋ፣ የሴኔጋላዊው ዑስማን ሴምቤን «ሙላዴ» (2004) ደግሞ በምዕራብ አፍሪካ ስለ ሴት ልጅ ግርዛት ይናገራሉ።

የመጨረሻው ጥምረት የልዩነትን ጥቅም በግልጽ ያሳያል። በ«ድፍረት» የ14 ዓመቷ ሂሩት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትጠለፋለች፤ ልታመልጥ ስትል ጠላፊዋን ትገድላለች። የመንደሩ ሽማግሌዎች በባህል ይፈርዱባታል፣ ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ ግን ጉዳዩን በዘመናዊ ሕግ ትሟገታለች። በ«ሙላዴ» ውስጥ ፍርድ ቤት የለም። ኮሌ የተባለችው እናት ከግርዛት ሸሽተው የመጡ ልጆችን የምታስጠልለው በደጃፏ ገመድ በመዘርጋት ነው፤ ያንን ገመድ መሻገርን የሚከለክለው ራሱ የመንደሩ ባህል ነው። የመጀመሪያው ፊልም ብቻውን ሲታይ ትግሉ በባህልና በሕግ መካከል ይመስላል። ሁለተኛው ሲጨመር ባህልም በውስጡ መጠለያ እንዳለው ይታያል። ጥያቄውም ማን፣ የትኛውን ባህል፣ ለማን ይጠቀምበታል የሚል ይሆናል።

ቅደም ተከተል

የትኛው ፊልም አስቀድሞ እንደሚታይ የተመልካቹን ስሜት ይወስናል። የጃፓኑ ስቱዲዮ ጂብሊ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 16 ቀን 1988 የሃያኦ ሚያዛኪን «ጎረቤቴ ቶቶሮ» እና የኢሳኦ ታካሃታን «የእሳት ዝንቦች መቃብር» በአንድነት ለሲኒማ ቤቶች አቀረበ። በሁለቱም ውስጥ እናታቸው ከአጠገባቸው የሌለች ሁለት ልጆች አሉ። በ«ቶቶሮ» እናት ሆስፒታል ተኝታለች፣ ጎረቤትም ይረዳል። በሌላው ግን ጦርነት እናትን ገድሏል፣ ዘመድም ፊቱን አዙሯል። «ቶቶሮ» ኋላ ሲታይ ምሽቱ በመጽናናት ያበቃል። አስቀድሞ ሲታይ ግን የሁለቱ እህትማማቾች ደስታ በቀጣዩ ፊልም ረሃብ ፊት ይታወሳል፤ ሐዘኑም ይበረታል።

በቤት ሲዘጋጅ

የሁለቱ ፊልሞች ጠቅላላ ርዝመት አስቀድሞ ይታሰባል። «ቶቶሮ» (86 ደቂቃ) እና «የእሳት ዝንቦች መቃብር» (89 ደቂቃ) በድምሩ ሦስት ሰዓት አይሞሉም። «ድፍረት» እና «ሙላዴ» ግን ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ ይወስዳሉ። ትኩረት የሚጠይቀው ወይም ረጅሙ ፊልም ተመልካቹ ሳይደክም ቢቀድም ይመረጣል፤ ይህ ከጭብጡ ቅደም ተከተል ጋር ሲጋጭ ሁለቱን በተከታታይ ምሽቶች ማየት ይቻላል። በመሃል የሚደረግ ዕረፍት ለእራት ወይም ለቡና ይውላል፤ ስለ መጀመሪያው ፊልም ለመነጋገርም ጊዜ ይሰጣል። ሕፃናት ባሉበት ቤት ሁለቱም ፊልሞች ለዕድሜያቸው ተስማሚ መሆናቸው ለየብቻ ይታያል፤ «የእሳት ዝንቦች መቃብር» በካርቱን መልክ ቢሠራም የልጆችን ሞት የሚያሳይ ፊልም ነው።

ደግሞ ይዩ

* ሲኒማ
* አኪራ ኩሮሳዋ
* ዑስማን ሴምቤን