የአራስ ጆሮ ምስክርነት

ጽንስ በማኅፀን ሳለ፥ ከስድስተኛው ወር ገደማ ጀምሮ የእናቱን ድምፅ ስለሚሰማ፥ ወደዚህ ዓለም ሲመጣ የእርሷን ድምፅ ከሌላው ሰው ድምፅ ለይቶ የሚያውቅ ሆኖ ይወለዳል። ነገር ግን ከ1000 አራሶች ውስጥ ከ1 እስከ 3 የሚሆኑት መስማታቸው ከልደት ጀምሮ የጎደለ ነው፤ ይህንም ጉድለት እጅግ አስቸጋሪ የሚያደርገው ስውርነቱ ነው። የማይሰማው ሕፃን እንደ እኩዮቹ ያለቅሳል፥ ፊት ሲያይ ፈገግ ይላል፥ በመጀመሪያዎቹ ወራት እንደ እነርሱ ድምፅ እያወጣ ይጫወታል፤ በር በኃይል ሲዘጋ የወለሉ ንዝረት ደርሶት ይደነግጣል፥ ከበስተኋላው ሲያጨበጭቡለትም ነፋሱ አንገቱን ሲነካው ዘወር ይላል። መስማት ከተሳናቸው ሕፃናት ከ10 ዘጠኙና ከዚያም በላይ የሚወለዱት ሰሚ ከሆኑ ወላጆች ስለ ሆነ፥ በቤቱ ነገሩን አስቀድሞ የሚጠረጥር አይገኝም። ስለዚህ በአሜሪካ እንኳ የአራሶች ጆሮ ምርመራ በሥርዓት ከመደንገጉ በፊት፥ ችግሩ የሚታወቀው በአማካይ በ2 ዓመት ተኩል፥ ልጁ አፉን ሊፈታ በሚገባው ጊዜ ዝም ሲል ነበር።

በዴንቨር ከተማ ይሠሩ የነበሩት የመስማት ባለሙያ ማሪዮን ዳውንስ፥ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፥ ማንኛውም ሕፃን ከሆስፒታል ሳይወጣ ይመርመር ብለው ተነሡ፤ ለአራሱ ድምፅ እያሰሙ የዐይኑን መርገብገብና የሰውነቱን መሸማቀቅ በተመልካች ያስመዘግቡ ነበር። ሐሳባቸው የቀና ነበር፤ የሰው ዐይን ግን ለእንዲህ ያለው ረቂቅ ነገር የታመነ ዳኛ አልሆነም።

የታመነው ምስክር የተገኘው ከራሱ ከጆሮ ነው። ኋላ በሥነ ፈለክ ስማቸው የገነነው ሊቅ ቶማስ ጎልድ፥ በቀንድ አውጣ ቅርፊት አምሳል የተጠቀለለው የውስጥ ጆሮ፥ የመጣለትን ድምፅ በራሱ ኃይል የሚያጎላ ሕያው መሣሪያ እንደ ሆነ፥ እንዲህም ከሆነ ከጆሮ ወደ ውጭ የሚወጣ ድምፅ ሊገኝ እንደሚገባ እ.ኤ.አ. በ1948 ጽፈው ነበር፤ ሐሳባቸውን ግን በጊዜው የተቀበለው ጥቂት ነው። 30 ዓመት ካለፈ በኋላ፥ በ1978፥ ዴቪድ ኬምፕ በለንደን ትንሽ ማይክሮፎን በጆሮ ቀዳዳ አግብተው አጭር የቀጭታ ድምፅ ባሰሙ ጊዜ፥ የሰከንድ መቶኛ ያህል ቆይቶ ከውስጥ የሚመለስ ደካማ ድምፅ መዘገቡ። ይህን ድምፅ የሚያወጡት በውስጥ ጆሮ የተሰለፉት ባለ ፀጉር ሕዋሳት ናቸው፤ እነርሱ ከተጎዱ መልሱ አይመጣም፥ በሰው ልጅም አንድ ጊዜ ከጠፉ ዳግመኛ አይበቅሉም።

ዛሬ ይኸው ግኝት በእጅ በሚያዝ መሣሪያ ውስጥ ገብቷል። አራሱ ተኝቶ ሳለ ለስላሳው ጫፍ በጆሮው ይደረጋል፤ ሥቃይ የለበትም፥ በጥቂት ደቂቃም ያልቃል። መልሱ ሳይመጣ ቢቀር፥ በመጀመሪያው ቀን የልደት እርጥበት ከጆሮው ገና ስላልወጣ ሊሆን ስለሚችል ምርመራው ይደገማል እንጂ ወዲያው ብያኔ አይሰጥም። ደግሞም ሕዋሳቱ ደኅና ሆነው ጉዳቱ በነርቩ ላይ የሆነ እንደ ሆነ፥ ጆሮው እየመለሰ ሕፃኑ አይሰማም፤ ስለዚህ በጽኑ ሕክምና ክፍል ለቆዩ አራሶች በጭንቅላታቸው ቆዳ ላይ ትንንሽ የመለኪያ ገመዶች ተለጥፈው፥ ድምፁ እስከ አንጎል ግንድ መድረሱ ይመረመራል።

ባለሙያዎች የወሰኑት ቀጠሮ ምርመራው በ1 ወር፥ ቁርጡ በ3 ወር፥ ርዳታውም በ6 ወር ውስጥ እንዲሆን ነው። ለዚህ ጥድፊያ ምክንያቱን ክርስቲን ዮሺናጋ ኢታኖና ባልደረቦቻቸው በኮሎራዶ 150 ልጆችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ1998 አሳይተዋል፤ ከ6 ወር በፊት የታወቀላቸው 72ቱ፥ በኋላ ከታወቀላቸው ከ78ቱ ይልቅ በቋንቋ ልቀው ተገኙ፤ ይህም ወላጆቻቸው ባለጸጋም ሆኑ ድሆች፥ ልጆቹም በአፍ ተነጋገሩ ወይም በእጅ ምልክት፥ አልተለወጠም። እኔን ከሁሉ አብልጦ የሚገርመኝ ይህ ነው፤ የሕፃን አእምሮ ቋንቋ ይሻል፥ በየትኛው ደጅ እንዲገባለት ግን አይመርጥም፤ ረኃቡን ግን ማቆየት አይቻልም። እንግዲህ የመስሚያ መሣሪያ የሚጠባበቅ ቤተሰብ፥ እስኪደርስለት ድረስ ልጁን ያለ ምልክት ቋንቋ ማቆየቱ ትልቅ በደል ይመስለኛል።

በአሜሪካ የሚወልዱ እናቶቻችን ከሆስፒታል ሳይወጡ የዚህ ምርመራ ውጤት ይነገራቸዋል፤ «ይደገም» የተባለውን ቀጠሮ፥ ልጄ ደኅና ነው ብሎ መተው ግን የምርመራውን ጥቅም ሁሉ ያጠፋዋል። በሀገራችን በኢትዮጵያ የምርመራው መሣሪያ ገና ለእያንዳንዱ አራስ አልደረሰም፤ ማጅራት ገትርና አንዳንድ ብርቱ መድኃኒቶችም ደኅና የተወለደውን ጆሮ ሊያደነቁሩ ስለሚችሉ፥ እናት ልጄ አይሰማኝም ስትል ቃሏ እንደ ምርመራ ሊከበር ይገባዋል። መስማት የተሳናቸው ጎልማሶችም በየከተማው አሉልን፤ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ደረጃ ይሰጣል። ጤና ጣቢያዎች እነዚህን ሰዎች አሠልጥነው በደመወዝ ቢቀጥሯቸው፥ የአራሱ ቤተሰብ የመጀመሪያውን ቃል በእጅ የሚማርበት መምህር ከሩቅ አይፈለግም ነበር።