በባዕድ አገር ያሉ አብያተ ክርስቲያናት በአገር ቤት የሚገኙትን የሙት ልጆች ስለሚረዱበት ሥርዓት

ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ በ1ኛው ምዕራፍ በ27ኛው ቁጥር ንጹሕ አምልኮት የተባለው እጓለ ማውታንና መበለትን በመከራቸው ጊዜ መጐብኘት መሆኑን ያስተምራል። እጓለ ማውታ ማለት የሙት ልጅ ማለት ነው፤ እጓል ልጅ ነው፥ ማውታም ሞተ ካለው ግስ የወጣ ነው። ሁለቱን ስለ ምን አጣመራቸው ቢሉ፤ የሙት ልጅ የሚባለው ብዙውን ጊዜ አባቱ ሞቶበት እናቱ የቀረችለት ነውና፤ መበለቲቱ የርሱ እናት ናትና። በኦሪት ዘዳግም በ24ኛው ምዕራፍም የተረሳው ነዶ፥ ከወይራው የቀረው ፍሬ፥ የወይኑም ቃርሚያ ለመጻተኛ፥ ለሙት ልጅና ለመበለት በአንድነት እንዲተው ታዟል። ሕጉ ልጁን ከእናቱ ነጥሎ ማሳደግን አላዘዘም፤ እናትና ልጅ ባሉበት አገር፥ በእርሻው ዳር፥ የሚበቃቸውን መተውን አዘዘ እንጂ።

አንድም የሙት ልጅ የሚለው ወላጆቹ በሕይወት ሳሉ በጦርነት፥ በረኃብ ወይም በስደት ምክንያት አሳዳጊ ያጣውን ሁሉ ነው። እንደዚህ ያለው ልጅ በ1977 ዓመተ ምሕረት በወሎና በትግራይ በረኃቡ ጊዜ በዛ፤ ከ2013 እስከ 2015 ዓመተ ምሕረት በሰሜን በተደረገው ጦርነትም ዳግመኛ በዛ።

ከ1966 ዓመተ ምሕረት ለውጥ በኋላ ከአገራቸው ወጥተው በአሜሪካ፥ በአውሮፓና በሌላም ስፍራ የተቀመጡት ምእመናን በየደረሱበት ቤተ ክርስቲያን ተክለዋል። የአገራቸው ልጆች መከራ በተሰማ ጊዜ ልባቸው ይነካል፥ ገንዘብም ያዋጣሉ። ነገር ግን በእንባ የተዋጣ ገንዘብ ብዙ ጊዜ ወደ ሕንፃ ይሄዳል። የልጆች ማሳደጊያ ቤት ተሠርቶ፥ በበሩ ላይ የሰጪዎቹ ስም ተጽፎ፥ ሲታይ ያስደስታል። ቤቱ ከተሠራ ግን ልጅ ይፈለግለታል፤ ድኻይቱም እናት በቤትዋ የምታበላው አጥታ ልጅዋን በዚያ ትተዋለች፤ እናት ያለችውም እንደሌለችው ይቈጠራል። ዩኒሴፍ እንኳ የሙት ልጅ ብሎ የሚቈጥረው ከሁለቱ ወላጆች አንዱን ያጣውንም ጨምሮ ነውና ቍጥሩን ሰምቶ ሁሉ ብቻውን የቀረ ነው ማለት አይገባም። የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤም በፈረንጅ ቁጥር በ2009 ዓመት ባወጣው መመሪያ ልጅ በቤተሰቡ እንዲያድግ መርዳት እንዲቀድም አመልክቷል። ይህ ለኢትዮጵያ ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ አክስትና አጎት፥ አያትም፥ የክርስትና አባትም ልጅ ሲያሳድጉ ኖረዋል። የጎደለባቸው ፍቅር ሳይሆን ጤፍና የትምህርት ወጪ ነው።

እርዳታው በምን ሥርዓት ይሁን ቢሉ፤ ቅዱስ ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ላሉት ድኾች ከሩቅ አገር ምእመናን ገንዘብ ባሰባሰበ ጊዜ የሠራውን ማየት ነው። በ1ኛ ቆሮንቶስ በ16ኛው ምዕራፍ እያንዳንዱ በየሳምንቱ በፊተኛው ቀን እንደ ገቢው እንዲያስቀምጥ አዘዘ፤ እርሱ በመጣ ጊዜ እንዲዋጣ አልፈቀደም። ምነው ቢሉ፤ ልጅ በየቀኑ ይበላልና፤ ዐዋጅ በተነገረ ጊዜ ብቻ የሚመጣ ገንዘብ ለአንድ ክረምት ይበቃ ይሆናል፥ ለ10 ዓመት ትምህርት አይበቃም። በ2ኛ ቆሮንቶስ በ8ኛው ምዕራፍም ስለ ብዙው ገንዘብ ነቀፋ እንዳይመጣበት አብያተ ክርስቲያናት የመረጡትን ሰው ከቲቶ ጋራ ላከ። ሐዋርያ ሲሆን ለብቻው መያዝን ፈራ! እንግዲህ ዛሬ በአንድ ካህን ወይም በአንድ ሽማግሌ ስም ገንዘብ መላክ እንዴት ይገባል? በአገር ቤት ሰበካ ጉባኤ አለ፤ በ1964 ዓመተ ምሕረት የተቋቋመው የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽንም አለ። የትኛዋ ቤት እንደ ተራበች ጠንቅቆ የሚያውቀው ግን የሰፈሩ እድር ነውና ሳይጠይቁት ስም ዝርዝር መጻፍ አይገባም። የልጁን ሥዕል አንሥቶ በአደባባይ ማሳየትም በማቴዎስ ወንጌል በ6ኛው ምዕራፍ የተነቀፈውን መለከት መንፋት ነው፤ ልጁ ነገ አድጎ ያየዋልና።

በሮሜ መልእክት በ15ኛው ምዕራፍ ሐዋርያው ይህን ስጦታ ዕዳ ይለዋል፤ አሕዛብ ከኢየሩሳሌም በመንፈሳዊው ነገር ተካፍለዋልና። በዋሽንግተን ወይም በለንደን የሚቀድሰው ካህን፥ ዜማውን የሚያዜመው ዲያቆን፥ ትምህርቱን ያገኘው በቆሎ ተማሪነት ነው። በሕፃንነቱ ከቤቱ ወጥቶ፥ ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳውን ይዞ፥ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ በየደጁ ለምኖ ተማረ፤ ቍራሹን የሰጠችው የጎጃም ወይም የጋይንት መበለት ናት። በዋሸራ ቅኔ፥ በቤተ ልሔም ድጓ የሚማረው ልጅ ዛሬም በዚያው መንገድ ነው የሚኖረው። ጎጆው ጠባብ፥ ልብሱ አንድ ስለሆነ በቅማል የሚተላለፈው ግርሻና ተስቦ ያገኘዋል። ንጹሕ ውሃ፥ ሳሙና፥ መለወጫ ልብስ፥ በቅርብ የሚገኝ ሐኪም ብዙውን ሞት ይከለክላሉ። በባዕድ አገር ያለ ደብር ለጕልላት የሚያወጣውን ቢያዘገይ ይህን ሊያደርግ ይችላል፤ ካህን ከአገር ቤት እያስመጡ ካህን የሚያፈራውን ጎጆ መርሳት ግን ሳይከፍሉ መብላት ነው።

አንድ ነገር ቀረ፤ እርሱም ከሁሉ የሚከብደው ነው። በግብረ ሐዋርያት በ6ኛው ምዕራፍ የዕለት ምግብ በሚታደልበት ጊዜ የዕብራይስጥ ተናጋሪዎች መበለቶች ሲያገኙ የጽርእ ተናጋሪዎቹ ተረሱ፤ ማጕረምረምም ሆነ። ዛሬም ከባዕድ አገር የሚላከው ገንዘብ ወደ ላኪው ወንዝና ወደ ላኪው ቋንቋ ብቻ ሲፈስ ይታያል። ሐዋርያት ምን አደረጉ ቢሉ፤ 7 ሰዎች አስመረጡ፤ እስጢፋኖስ፥ ፊልጶስ፥ ጵሮኮሮስ፥ ኒቃሮና፥ ጢሞና፥ ጳርሜና፥ ኒቆላዎስ፤ ስማቸው ሁሉ የጽርእ ስም ነው። ይህም ማደሉ ከተረሱት ወገን ለሆኑት እንደ ተሰጠ ያመለክታል። እንግዲህ በአንድ አጥቢያ ለሙት ልጆች የሚሆን ገንዘብ በሚከፋፈልበት ጊዜ፥ ከሌላ አውራጃ ተፈናቅለው በዚያ የተጠጉ ቤተሰቦች ካሉ፥ ከሚያከፋፍሉት ሽማግሌዎች መካከል ቢያንስ አንዱ ከእነርሱ ወገን ይመረጥ፤ ላኪው ደብርም ገንዘቡን ከመላኩ በፊት ይህ መደረጉን በደብዳቤ ይጠይቅ።