ፍሪጁ ሳይሆን ቦርዱ ነው
መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኢንቨርተር ፍሪጃችሁ ዝም ካለ፣ ኮምፕረሰሩ ሞቷል ብላችሁ አትቸኩሉ። ብዙ ጊዜ የተጎዳው የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያ ቦርዱ ነው። ሲከፈት ኃይል መግቢያው አጠገብ የተቃጠለ ፊውዝና የጠቆረ ቫሪስተር ይታያል፤ ቫሪስተር ቮልቴጅ ከልክ ሲያልፍ ራሱን ሠውቶ ሌላውን የሚያድን ትንሽ ክብ ዕቃ ነው። ሁለቱን መቀየር ለባለሙያ ቀላል ሥራ ነው። ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ካፓሲተርም አናቱ ካበጠ እንዲሁ ይቀየራል። እሱን የሚጎዳው ሙቀት ነው፤ በየ10 ዲግሪ ጭማሪ ዕድሜው በግማሽ ግድም ያጥራል፤ ስለዚህ ፍሪጁን ከግድግዳ አታጣብቁት።

የሚያናድደኝ ግን እንዲህ በቀላሉ የማይጠገን፣ በሙጫ የተደፈነ የልብስ ማጠቢያ ቦርድ ነው። ከእርጥበት ይጠብቃል፣ እውነት ነው፤ ግን አንዲት ሪሌይ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የምትሠራ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ስትበላሽ ሙሉውን ያስገዛል። የአውሮፓ ኅብረት ከ2021 ጀምሮ የማጠቢያ ማሽን ዋና ዋና መለዋወጫዎች ቢያንስ ለ10 ዓመት እንዲቀርቡ አስገድዷል። እናንተም ስትገዙ ከዋጋው በፊት «ቦርዱ ለብቻው ይገኛል?» ብላችሁ ጠይቁ።